ደስ ሳይለው ለምን ይጠጣል?

የከዚራዋ
ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች። ታላቅ ወንድሜ ይጠጣል። ድሮ ሲጠጣ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ይጋብዛል። አሁን ያ ሁሉ የለም። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ፊቱ አይፈታም፣ ይጠጣና ሄዶ ይተኛል። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ሲቀምስ ይረጋጋል። «ደስ ካላለህ ለምን ትጠጣለህ?» ብለው «ካልጠጣሁ ይጨንቀኛላ» አለኝ። እናቴ ታለቅሳለች። አጎቶቼ ይሰድቡታል። ስድቡ ግን የባሰ ወደ መጠጡ የሚነዳው ነው የመሰለኝ።

ጭንቀቱ ነው የሚያስጠጣው ወይስ መጠጡ ነው የሚያስጨንቀው? የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ። «ጸልዪለት» ለምትሉኝ፣ እሱንማ እያደረግኩ ነው።

አቦ_ድሬ
አቦ አይዞሽ እህቴ። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ማታ ከግሮሰሪ የምጭናቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ወንድምሽ ናቸው። ሲገቡም አይስቁ፣ ሲወጡም አይስቁ። ሂሳብ እንኳን አይከራከሩኝም፤ ድሬ ላይ ሂሳብ የማይከራከር ሰው ደግሞ በጤናው አይደለም። የተማራችሁ ኑ እስቲ።

ጀጎል_ልጅ
ወላሂ እኔ ይሄ «አንጎሉ ነው» የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። ማን አስገድዶ አፉ ውስጥ ጨመረበት? ኑሮ እንዲህ እሳት በሆነበት ጊዜ ያልተጨነቀ ማን አለ? ሁላችንም ጠጪ አልሆንንም። ሰበብ አትፈልጉለት።

ሲስተር_ሳ
የከዚራዋ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መልሱ ሁለቱም ነው፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን አስቸኳዩን ልናገር።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሲቀምስ የሚረጋጋ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጎ እንዲያቆም አታስገድዱት። በር ቆልፋችሁ እንዳታስቀምጡት። መጠጡ ከቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ሊመጣ ይችላል። ይሄ ካልታከመ ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያቆመው ሐኪም ጋ ሄዶ፣ በመድኃኒት እየተረጋጋ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አልኮል ጋባ የሚባለውን፣ አንጎልን የሚያረጋጋውን ኬሚካል ያግዘዋል። ግሉታሜት የሚባለውን፣ የሚያነቃቃውን ደግሞ ያዳክመዋል። ሰው ሁለት ቢራ ሲጠጣ ትከሻው የሚላቀቀው ለዚህ ነው። ግን በየቀኑ ሲጠጣ አንጎሉ ዝም ብሎ አይታፈንለትም። ለመቋቋም ሲል ጋባ የሚሠራበትን መንገድ ያደክማል፣ የግሉታሜቱን ያጠነክራል። ፍሬን ተይዞበት ዳገት የሚወጣ ባጃጅ አስቢ። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ጥግ ነው የሚሰጠው። ፍሬኑ ድንገት ሲለቀቅ የሚሆነውን አንቺው ጨርሺው። የጠዋቱ መንቀጥቀጥ፣ ላቡ፣ ያለምክንያት መደንገጡ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አቦ_ድሬ
ሲስተር፣ ገብቶኛል። ግን ፍሬን ይዞ ነዳጅ የሚሰጥ ሹፌር ካየሽ ታርጋውን ላኪልኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ባዮ_ሐረማያ
ሲስተር ያለችው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ጭንቀቱ መስመር ነው። ሴሚናሬን በዚህ ርዕስ ስለሠራሁ ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳልክ ተቋም ዋይሊ ቬል የሚባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ከበግ አንጎል አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሲአርኤፍ ይባላል። በአደጋ ጊዜ ሰውነትን የሚያስነሳው እሱ ነው። ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ይለቀቅና ፒቱታሪ የምትባለውን ዕጢ ያዛል። እሷ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ታዛለች፤ እነሱ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ደም ውስጥ ይለቃሉ። ማታ ብቻህን ስትሄድ ጅብ ድንገት ፊትህ ቢቆም ይሄ መስመር ነው የሚነሳው። (ሐረሮች ጅብ ስለምታጎርሱ ለእናንተ ሌላ ምሳሌ እፈልጋለሁ።)

ሲአርኤፍ አሚግዳላ ውስጥም አለ። አሚግዳላ ፍርሃትና ስጋት የሚስተናገድባት ትንሽ የአንጎል ክፍል ናት። እዚህ ላይ ብዙ የሠራው ጆርጅ ኩብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የአልኮል ጥናት ተቋም ኃላፊ የሆነው ሰውዬ። በአይጦች ላይ የታየው እንዲህ ነው። አልኮል የለመደች አይጥ መጠጡ ሲቋረጥባት አሚግዳላዋ ውስጥ ሲአርኤፍ ይጨምራል። ትፈራለች፣ ገላጣ ቦታ መውጣት ትጠላለች። መጠጡን መልሳ ስታገኝ ደግሞ ከድሮዋ አብልጣ ትጠጣለች። ሲአርኤፍ የሚሠራበትን መቀበያ የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጣት ያ ትርፉ መጠጥ ይቀንሳል።

የሚገርመው ክፍል አሁን ነው። ሱስ ያልያዛት አይጥ ያንኑ መድኃኒት ብትወስድ አጠጣጧ ብዙም አይለወጥም። በእኔ አረዳድ የወንድምሽ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ሲጀምር ይጠጣ የነበረው ደስ ስለሚለው ነው፤ ያን ጊዜ ዶፓሚንና ኤንዶርፊን የሚባሉት የደስታ ኬሚካሎች ነበሩ። እየቆየ እነሱ ደከሙ። በፋንታቸው ሲአርኤፍ፣ ሰውነትን የሚያነቃው ኖርአድሬናሊንና ዳይኖርፊን በረቱ። ዳይኖርፊን ሰውን የሚያስከፋ፣ ነገሩን ሁሉ የሚያስጠላ ነው። ስለዚህ አሁን የሚጠጣው ያንን ለማብረድ ነው። መጠጡ ለጥቂት ሰዓት ያበርድለታል። ሲለቀው ተመልሶ ይመጣል፤ በየጊዜው ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው።

ጀጎል_ልጅ
እሺ ፕሮፌሰር። ለአይጥ የሠራው መድኃኒት ለሰው ሠራ?

ባዮ_ሐረማያ
አልሠራም። ፔክሳሰርፎንትና ቬሩሰርፎንት የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች በጠጪዎች ላይ ተሞክረው ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ወጣ። ሁለቱም ሐራራውን አልቀነሱም።

ጀጎል_ልጅ
አላልኳችሁም?

ባዮ_ሐረማያ
መድኃኒቱ አልሠራም ማለት መስመሩ የለም ማለት አይደለም፣ አቦ። ሰው ላይ አንዱን በር ብትዘጋ ሌላ በር አለ። ኖርአድሬናሊኑን ውሰድ። ፕራዞሲን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ የኖርአድሬናሊንን ሥራ የሚቀንስ። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ራጂታ ሲንሃና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት መጠጥ ሲያቆሙ ምልክታቸው የጠነከረባቸውን ሰዎች ጠቅሟቸዋል። ቀለል ያለባቸውን ግን እንደዚያ አልጠቀማቸውም። የጭንቀት መስመሩ የተረበሸበት ሰው ላይ የበለጠ የሚሠራ ይመስላል። ከአይጦቹ ጋር አይገጥምም ትላለህ?

ጋሽ_ለገሃር
ልጆች፣ እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ሸሚንደፌር በነበርኩ ጊዜ ባቡሩ ሲዘገይ እንጠጣለን፣ ሲደርስም እንጠጣለን። ያኔ ጨዋታ ነበር። ኋላ ላይ ጨዋታው ቀረና መጠጡ ብቻውን ቀረ። ልጂቱ ስለ ወንድሟ የጻፈችውን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል። ልቤ ደረቴን ይደበድበዋል። የድሬ ሙቀት ነው እንዳልል ታኅሣሥም ያው ነው። ማንም ሳይነካኝ እፈራለሁ፤ ምን እንደምፈራ አላውቀውም። ከአልጋው ሥር አረቄ ነበረችኝ። ሰዎች ደስታ ፍለጋ ይመስላቸዋል። እኔ የምፈልገው ሌሊቱ እንዲያልፍልኝ ነበር።

ካቆምኩም በኋላ ቶሎ አልተወኝም። ሰውነቴ ዳነ፣ ምግብ መብላት ጀመርኩ፣ ግን ወራት ሙሉ በር ሲንኳኳ እደነግጥ ነበር። ትንሽ ንግግር ይበቃኛል፣ ደሜ ይፈላል። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ይሄ ያልፋል» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ነገር በቀለለልኝ።

ሲስተር_ሳ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለታካሚዎቼ ባነብላቸው ደስ ይለኛል፣ ከፈቀዱልኝ።

የሌሊቱ 9 ሰዓት ነገር የታወቀ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ግን ከደም እየወጣ ሲሄድ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሸዋል። እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ልብ ይፈጥናል። ብዙ ሰው ታዲያ «እንቅልፍ ስለሌለኝ ነው የምጠጣው» ይላል።

«ቶሎ አልተወኝም» ያሉትም ልክ ነው። መንቀጥቀጡ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። የጭንቀት መስመሩ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ሳምንታትም ወራትም ይወስድበታል። ብዙዎች ተመልሰው የሚገቡትም በዚህ ጊዜ ነው። ሰውዬው ዳነ ይባላል፣ ቤተሰቡ ይዘናጋል፣ እሱ ግን ውስጡ ገና አልበረደም። አንድ ጠብ፣ አንድ የገንዘብ ችግር ይበቃዋል።

ጋሽ_ለገሃር
አንብቢላቸው ልጄ።

ማሚ_ግሮሰሪ
እኔ ሳቢያን ግሮሰሪ አለኝ። እኔን ሰይጣን አድርጋችሁ እንዳትጽፉኝ እንጂ የማየውን ልንገራችሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት የሚመጣውና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደንበኛ አይመሳሰልም። በኋላ የሚመጡት ከበርጫ የተነሱት ናቸው። ዓይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ደርቆ፣ ዝም ብለው ይገባሉ። ጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና በመጠጥ መስበር ነው ሥራቸው። ቢራውን እንደ ውኃ ነው የሚያወርዱት። አንድ ሰው ስንት ጠርሙስ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሌላው በዚያው ልክ ቢጠጣ ወንበሩን ይዞ ይወድቃል። ለምንድነው?

ሲስተር_ሳ
ማሚ፣ ይሄን ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። እዚህ አካባቢ ስለ መጠጥ አውርቶ ጨብሲን መዝለል አይቻልም።

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ነው። ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ካቲኖኑ ስለሚሟሽሽ ነው የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት። ቃሚው ከሰዓት ሙሉ ያንን ኖርአድሬናሊን ሲጨምር ይውላል። ሲመሽ ሰውነቱ ነቅቷል፣ ልቡ ይመታል፣ መተኛት አይችልም። ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍንበት መጠኑን አያውቀውም። ያልሰከረ ይመስለዋል እንጂ አልኮሉ ደሙ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ አለ። ባጃጅም፣ ሞተርም እንደዚያው ሆኖ ይነዳል።

አስቡት እስቲ። ከሰዓት የጭንቀቱን ኬሚካል መጨመር፣ ማታ በመጠጥ መድፈን፣ ሌሊት መጠጡ ሲለቅ ደግሞ እሱው ራሱ መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት ዱካክና ድብርት። ለዚያ መፍትሔው ምን ይሆናል? ኢጃባና፣ የጠዋት ጫት። አንጎሉ ከሁለት ወገን ሲጎተት ይከርማል። እኔ ጋ ከሚመጡት ወጣቶች ውስጥ «ጠጪ ነኝ» የሚል ብዙም አላጋጠመኝም። «ቃሚ ነኝ፣ ጨብሲ ብቻ ነው» ነው የሚሉኝ።

አቦ_ድሬ
ባጃጅን ባታነሺው ምን ነበረበት አሁን።

ማሚ_ግሮሰሪ
አንተማ ትታወቃለህ።

ስለት_19
እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ጎረቤታችን ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ታኅሣሥ 19 ሄዶ እዚያው አቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነካውም። ሁሉንም ነገር ኬሚካል አታድርጉት።

ሲስተር_ሳ
እሰየው። ስለት ሰውን ሲያቆም አይቻለሁ፣ አልቃወምም። ምዕመኑ አብሮት አለ፣ ቃል የገባለት አለ፣ ከጠጪዎቹ ርቋል። ይሄ ሁሉ ጭንቀትን ይቀንሳል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይየው። በመንገድ ላይ በ2ኛው ቀን የሚወድቅ አለ። ሰዉ «ጋኔኑ ሲወጣ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ኢዝቤል የሚባል ሐኪም ፈቃደኛ ሰዎችን ለሳምንታት አጠጥቶ ድንገት አስቆማቸው። (ዛሬ ማንም አይፈቅድለትም።) በደንብ እየበሉም፣ ቫይታሚን እየወሰዱም የወደቁና የቃዡ ነበሩ። ያመጣው መጠጡ መቋረጡ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የታወቀው።

ሌላም ነገር አለ። አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በየፆሙ እያቆመ በየፍስኩ የሚጀምር ከሆነ፣ ማቆሙ በየጊዜው እየከበደው ሊሄድ ይችላል። ባሌንገርና ፖስት የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈውበታል። አንጎሉ ያንን መናወጥ ይለምደዋል። አምና መንቀጥቀጥ ብቻ የነበረው ዘንድሮ መውደቅ ሊሆን ይችላል። «አምናም አቁሜ ምንም አልሆንኩ» ዋስትና አይሆንም።

ጀጎል_ልጅ
ይሄን እንኳን አይቻለሁ። የሰፈራችን ሰውዬ ረመዷን ሲገባ ያቆማል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላብ በላብ ነው፤ አፍጥር ላይ የሾርባውን ሳህን መያዝ ያቅተዋል። እኛ ከረሃብ ነው እንላለን። ከዓመት ዓመትም እየባሰበት ነው።

ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። አንጎሉ ነው ካላችሁ ሰውዬው ኃላፊነት የለበትም ማለት ነው?

ጋሽ_ለገሃር
ልጄ፣ አንጎሌ ብቻውን ግሮሰሪ አልሄደም፣ እግሬም ሄዷል። ኃላፊነትማ አለብኝ። ግን በሌሊት 9 ሰዓት ከተነሳ ሰው ጋ ስለ ኃላፊነት አይወራም። ጠዋት ቁርስ ከበላ በኋላ ይወራል። እኔን ሐኪም ጋ የወሰደኝ ባልንጀራዬ አልሰደበኝም፣ አላቆላመጠኝምም። «ነገ በ3 ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ» አለኝ፣ መጣ።

የከዚራዋ
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ታዲያ ቤተሰቡ ምን ያድርግ? ዝም እንበለው?

ሲስተር_ሳ
ዝም አትበሉት፣ የመጠጫ ገንዘብም አትስጡት። ግን ስድቡን ተዉት። ስድብ፣ ጩኸት፣ በሰው ፊት ማዋረድ የሚቀሰቅሱት ያንኑ የጭንቀት መስመር ነው። አጎቶችሽ ጮኸውበት ሲወጡ እሱ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂዋለሽ። ሰክሮም አታናግሩት፣ እየተንቀጠቀጠም አታናግሩት። በመሀል ያለችውን ሰዓት አንቺ ታውቂያታለሽ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስንት እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቅ እንደሆነ በትክክል ንገሯቸው፤ ጫት ከቃመም አትደብቁ። ስለ ቫይታሚን ቢ1 ጠይቁ። ብዙ የሚጠጣ ሰው ስለማይበላ ይጎድለዋል፤ ጉድለቱ አንጎልን ይጎዳል፣ ማስታወስ ሊያሳጣው ይችላል። ከተረጋጋ በኋላ ሐራራ የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ናልትሬክሰን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994፣ አካምፕሮሴት ከ2004 ጀምሮ ለዚህ ተፈቅደዋል። የትኛው እንደሚስማማው ጉበቱንና ኩላሊቱን አይቶ ሐኪሙ ይወስናል። ከፋርማሲ በራሳችሁ የሚያረጋጋ መድኃኒት ገዝታችሁ እንዳትሰጡት። እሱ ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ እስትንፋስ ሊያቆም ይችላል።

የከዚራዋ
ገባኝ። አጎቶቼን እንዴት እንደምመልሳቸው ነው እንጂ ሌላው ገብቶኛል። ይህንን አትሜ አሳያቸዋለሁ።

ጀጎል_ልጅ
የእኔንም አስተያየት አብረሽ አትሚ። አጎቶችሽ እኔን ይወዱኛል።

አቦ_ድሬ
አንድ ጥያቄ ለባዮ። መጠጥ ያቆመ ሰው ግሮሰሪ ገብቶ ሶፊ ማልት ቢጠጣስ? አልኮል የለውም። ከጓደኞቹም አይለይ።

ባዮ_ሐረማያ
እንደ ሰውዬው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለወንዶች ቢራ በጣም በጥቂቱ አፋቸው ውስጥ እየረጩ አንጎላቸውን በምስል አዩ። የሚያሰክር መጠን አልነበረም፣ ጣዕሙ ብቻ። ለማወዳደሪያ የስፖርት መጠጥም ሰጧቸው። ቢራው ዶፓሚን ለቀቀ። የቅርብ ዘመድ ጠጪ ያለባቸው ላይ ደግሞ የበለጠ ነበር። ሶፊ ቢራ አይደለም፣ ግን ወንበሩ፣ ጠርሙሱ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ፣ ጓደኛው የሚጋብዝበት ሰዓት፣ ሁሉም አንጎሉ ያውቃቸዋል። ጠንክሮ ለቆየ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ገና ያቆመ ሰው ግን ግሮሰሪ ውስጥ ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

ማሚ_ግሮሰሪ
ሶፊ አለኝ፣ ቀዝቃዛ ነው። መጥቶ ይግዛና ይዞት ቤቱ ይሂድ። ቁጭ ካለ እኔው ነኝ የማስነሳው።